ጄሶ፣ እርድና ሁለት ልጆች፦ የጠመኔ ሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሐምሌ 8

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነ። ማሙሽ 7 ዓመቱ ነው፣ ሚሚ 4። ዝናቡ ሲያባራ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። መስመሩን የሚያሰምሩት በከሰል ነው። ከሰሉ ከሲሚንቶው እግራቸው ላይ፣ ከእግራቸው ምንጣፉ ላይ ይወጣል። ባለቤቴ ትናንት "ወይ ከሰሉ ይቅር ወይ ምንጣፉ ይነሳ" ብላ ቆረጠች።

የትምህርት ቤት ጠመኔ አንድ ፓኮ ገዛሁ። የተሠራው ለሰሌዳ ነው። ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ወዲያው ያልቃል። ቀጭን ስለሆነም ሚሚ ጨብጣ ስትጫነው ቀጭ ይላል። በአንድ ከሰዓት ግማሽ ፓኮ አለቀ። የሚያስፈልገን ወፍራም፣ እንደ ሙዝ የሚጨበጥ ጠመኔ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውጭ የመጣ አየሁ፤ ዋጋውን አንብቤ ቦታው መለስኩት። እንሠራዋለን።

ሐምሌ 10 እስከ 15፣ የእንቁላል ቅርፊት

የተፈጥሮ ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእንቁላል ቅርፊትም እንደዚያው። ስለዚህ ከምንጥለው ነገር ይሠራል ብዬ ተነሳሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤታችን እንቁላል አይሰበርም። መፍጠን ነበረብን።

የ12 እንቁላል ቅርፊት ሰበሰብን። ጥሬ እንቁላል የነካው ነገር ለልጅ እጅ ስለማይሆን 10 ደቂቃ ቀቀልኩት። ከውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ልጆቹ ላጡት። ይህ ብቻውን አንድ ከሰዓት ያዛቸው፤ እኔም ቡናዬን በሰላም ጠጣሁ። ከዚያ ሙቀጫ። ማሙሽ ወቀጠ፣ እኔ ወቀጥኩ፣ ሚሚ ዘነዘናውን ማንሳት አቃታት። በወንፊት ነፍተን ያገኘነው 2 የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነው። 2 የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄትና 2 የሻይ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምረን አሸነው፣ አድቦለቦልነው፣ በሶፍት ጠቅልለን በረንዳ ላይ አስቀመጥነው።

ሁለት ጠመኔ ወጣ። የሚሚን አውራ ጣት ቢያክሉ ነው። በአራተኛው ቀን የጎረቤት ዶሮ አንዱን ቆርጥማ በላችው። ማሙሽ ከልቡ አለቀሰ። ሚሚ ግን "የራሷን እኮ ነው የበላችው" አለች።

የተረፈው ይጽፋል፣ ግን ፈዛዛ ነው። የስድስት እንቁላል ቅርፊት ለአንድ ጣት ጠመኔ አያዋጣም። ሙቀጫውንም ሦስት ጊዜ አጥቤ መልሻለሁ። የቡና መውቀጫ መሆኑ ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባ ነበር ተብያለሁ።

ሐምሌ 16፣ ጄሶ፣ የመጀመሪያው ዙር

ከአንድ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ 5 ኪሎ ጄሶ በ150 ብር ገዛሁ። ልጁ ከጆንያ በጣሳ እየዛቀ ፌስታል ውስጥ መዘነልኝ። ጣሳውን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጄሶ ከመሬት ሲወጣ ጂፕሰም የሚባል ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ውሃ አለው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር አብዛኛው ውሃ ይለቅና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና ድንጋይ ይሆናል፤ ሲጠጣም ይሞቃል። አጥንት ሲሰበር የሚታሰረው ጄሶም ይኸው ነው። ማሙሽ ይህን ሲሰማ ከአጎቱ እግር ላይ የወጣው ጄሶ የት እንደተጣለ ጠየቀኝ።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት እጆቿን ጄሶ ውስጥ ነክራ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ስለዚህ ሕግ ወጣ። ዱቄቱን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ፣ ደጅ፣ በማስክ (ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ)። ልጆቹ የሚጠጉት ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማማሰል ይቻላል፣ እጅ መክተት አይቻልም።

ቅርጽ ማውጫው የሶፍት ጥቅል መሃል ያለው ክብ ካርቶን፣ 8 ፍሬ። ከሥር በስኮች ደፈንኳቸው። ልኬቱ 2 ብርጭቆ ጄሶ ለ1 ብርጭቆ ውሃ።

መጀመሪያ ጄሶው ላይ ውሃ ጨመርኩ። ተሳሳትኩ። ከሥር ደረቅ ዱቄት ጓጉሎ ቀረ። ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ያውቀዋል፣ ውሃው ነው የሚቀድመው። ጄሶው በላዩ ቀስ እየተባለ ይነሰነሳል፣ እስኪጠጣ አንድ ደቂቃ ይተዋል፣ ከዚያ ይማሰላል።

ቀጥሎ ስኮቹ ከዳኝ። አራቱ ካርቶን ከሥር አፈሰሰ።

ቀጥሎ ሁለተኛውን ዙር ባልታጠበ ሳህን በጠበጥኩ። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ነበር። ሁለተኛው በ5 ደቂቃ ድርቅ አለ፣ የእንጨት ማማሰያውን ይዞ። ለካ ሳህኑ ላይ የቀረው የጠጠረ ጄሶ ለአዲሱ እርሾ ይሆነዋል። ትናንት የተጋገረበት ቡሃቃ ሳይታጠብ ሲቦካበት ሊጡ ቶሎ እንደሚነሳው ማለት ነው።

ትልቁን ስህተት ለመጨረሻ ያቆየሁት አፍሬ ነው። ሳህኑን የግቢው ቧንቧ ሥር አጠብኩት። ጄሶ ውሃ ውስጥም ሆኖ ይጠጥራል፤ እንዲያውም የሚጠጥረው በውሃው ነው። ማታ ላይ የፍሳሹ ቱቦ ተደፈነ። አራት ቤት የሚጠቀምበት ቧንቧ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛ 400 ብር፣ ለግቢው ሰው ሁሉ ይቅርታ። አሁን የምበጠብጠው ከወገቡ በተቆረጠ ሃይላንድ ነው። ትራፊው እዚያው ይደርቃል፣ ፕላስቲኩን ጨመቅ ሳደርገው ተሰባብሮ ይወጣል፣ ወደ ቆሻሻ።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር። 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የላዩ ውሃማ ብልጭታ ጠፍቶ ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ዱቄት ደበዘዘ። ሚሚ ካርቶኑን በመዳፏ ያዝ አደረገችና ወደ እናቷ ሮጠች። "እማዬ፣ ጠመኔው ትኩሳት ይዞታል!"

ሐምሌ 18

ካርቶኑን ላጥን። ግማሹ አልላጥ ብሎ ተጣብቆ ቀረ፤ ጠመኔው ጸጉር ያበቀለ መሰለ። ይጽፋል፣ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ሲሚንቶውን ይቧጭራል። ውሃ መጨመር አለበት። ጄሶው ለመጠጠር ከሚፈልገው በላይ ያለው ውሃ ኋላ ተንኖ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳ ሲበዛ ጠመኔው ይለሰልሳል፣ ቀለሙንም መንገዱ ላይ በቀላሉ ይለቃል።

1 ለ1 ሞከርኩ፣ ሲነሳ ተፈረፈረ። 3 ለ2 (3 ብርጭቆ ጄሶ፣ 2 ብርጭቆ ውሃ) ልክ መጣ። ከዚህ በኋላ የሠራሁት ሁሉ በዚህ ነው።

ሐምሌ 22፣ ቢጫው ቀይ ሆነ

ዛሬ ቀለም። ቢጫ ለመሥራት ሩቅ አልሄድኩም፣ ማጀት ውስጥ እርድ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ውሃው ውስጥ በጠበጥን። የአልጫ ቢጫ ሆነ። ጄሶውን መነስነስ ጀመርኩ። ዱቄቱ በነካበት ቦታ ሁሉ ውሃው ቀላ። ሳማስለው ጭራሽ ምስር ወጥ መሰለ።

ማሙሽ አስማት ነው ብሎ ጨፈረ። እኔ እርዱን ጠረጠርኩ፣ በርበሬ የተቀላቀለበት መሰለኝ። ቀመስኩት፣ እርድ ነው። ጎረቤታችን እማማ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ጠጋ ብለው አዩት።

"ይሄማ ሳሙና አለበት" አሉ።

"ኧረ የለበትም እማማ፣ ጄሶ ነው።"

"አለበት እልሃለሁ። አልጫ የነካው ነጠላ በሳሙና ስታጥበው እንዲህ ነው የሚቀላው። አጥበህ አታውቅም መሰለኝ።"

አላውቅም።

ማታ ተኝቼ ነገሩ መጣልኝ። ሳሙና አልካላይን ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። እርድ አልካላይን ሲነካው ይቀላል። ንጹሕ ጄሶ ግን እርድ ለማቅላት የሚበቃ አልካላይን አይደለም። ታዲያ ፌስታሉ ውስጥ ምን አለ?

ጠዋት ሱቁ ሄጄ ዳር ቆምኩ። ልጁ ለአንድ ግንበኛ ኖራ በዚያው ጣሳ ዛቀ፣ ቀጥሎ በዚያው ጣሳ ለሌላ ሰው ጄሶ ዛቀ። ሁለቱ ጆንያ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ስነግረው "አለቃ፣ ለግድግዳ ነው እንጂ ልትበላው ነው እንዴ?" አለኝ። ለግድግዳ ከሆነ እውነቱን ነው። እንዲያውም ሆን ተብሎ ኖራ የሚቀላቀልበት የልስን ጄሶ አለ። ለአራት ዓመት ልጅ እጅ ግን አይሆንም። ኖራ ኃይለኛ አልካላይን ነው፤ እርጥብ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

እስካሁን የሠራነውን 11 ጠመኔ ጣልኩ። ልጆቹ አኮረፉ። የተረፈውን ዱቄት የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ደፈንኩበት፤ እዚያ ቆንጆ ሠርቷል።

ሐምሌ 24

መናኸሪያ አካባቢ ካለ ሌላ መደብር ያልተከፈተ 25 ኪሎ ከረጢት፣ 560 ብር። ለጠመኔ ብዙ ነው፣ ግን ጣሳ አልነካውም።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት የእማማን ምርመራ ነው። ነጭ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ ጄሶ፣ ትንሽ ውሃ፣ ቆንጠር እርድ። ቢጫ እንደሆነ ቀረ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ አሁንም ቢጫ። ለማነጻጸር ከአሮጌው ፌስታል ጥግ ያራገፍኩትን አጠገቡ አደረግኩ፣ ወዲያው ቀላ። ከልጆች ጋር ጄሶ ልትነኩ ካሰባችሁ ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ። ሁለት ሳንቲም አያስወጣም።

ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ በክረምት አየር ብቻውን ጄሶውን ያሰንፈዋል። ክዳን ባላቸው ሁለት ባልዲዎች ገለበጥኩት።

ሐምሌ 27፣ ቱቦ

ካርቶን በቃኝ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ኮንዲዩት የሚሉትን፣ ባለ 25 ሚሊ 3 ሜትር በ110 ብር ገዛሁ። በብረት መጋዝ 10 ሴንቲ 10 ሴንቲ እያደረግኩ 20 ቁራጭ አወጣሁ። እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጎኑ ሰነጠቅኩት፣ ሲከፈት ጠመኔው እንዲወጣ። ስንጥቁ በላስቲክ ይታሰራል። ውስጡ ቫዝሊን ይቀባል፤ ስስ ብቻ፣ ከበዛ ጠመኔው ላይ ቅባት ይቀርና መንገዱ ላይ ይንሸራተታል።

የሥሩን መፍሰስ የፈታው ማሙሽ ነው። ከግቢው ጭቃ ወፍራም ቂጣ አድርጎ ቱቦዎቹን እላዩ ላይ እንደ ሻማ ተከላቸው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እኔ በስኮች ስታገል ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።

ሚሚ በማንኪያ ትሞላለች፣ ማሙሽ የአየር አረፋው እንዲወጣ ቱቦውን በጣቱ ቀስ እያለ ይመታል። እሱን ከዘለልነው ጠመኔው አረፋው ጋ ይሰበራል። 40 ደቂቃ ላይ ላስቲኩን ፈታን። ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ እርጥብ ጠመኔ ወጣ። ከልጆቹ ይልቅ እኔ ሳልጨፍር አልቀረሁም።

ነሐሴ 3 እስከ 10፣ ማድረቅ

ጠጠረ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሐምሌ 29 ላይ ልጆቹ ገና እርጥቡን አውጥተው ጻፉበት፤ ቀለም አልለቅ አለ፣ መሃሉም ላይ ተቆረጠ። ስለዚህ አንዱን ጠመኔ የማእድ ቤት ሚዛን ላይ በየቀኑ ማስቀመጥ ጀመርን። ማሙሽ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ሲወጣ 60 ግራም። በነጋታው 56። ከዚያ 51፣ 47፣ 43፣ 41፣ 41። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልቀነሰ ደርቋል። ነሐሴ ሐዋሳ እንዲህ ነው፤ ከሐይቁ በኩል ደመናው ከሰዓት ላይ ይመጣል፣ የተሰጣ ልብስም ሦስት ቀን ይፈጃል። በበጋ ከዚህ በብዙ እንደሚፈጥን አልጠራጠርም።

ትዕግሥት አጥቼ አንድ ቀን ከእንጀራ በኋላ ምጣዱ ሳይበርድ ስድስት ጠመኔ ደረደርኩበት። ተበላሸብኝ። ከሥር በኩል ያለው ወደ ዱቄት ተለወጠ፣ ስነካው ተራገፈ። ቅድም የጻፍኩት ራሴው ነኝ፤ ጂፕሰም ሲጋገር ውሃውን ይለቃል። መልሼ ጄሶ አደረግኩት ማለት ነው። ባለቤቴ ስለ ምጣዱ ያለችኝን እዚህ አልጽፍም። ጾም ነው።

አሁን የሚደርቀው ፍሪጁ አናት ላይ፣ ወደ ኋላው ጠርዝ፣ ሰፌድ ላይ ተደርድሮ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ የሚወጣው ለብታ ይበቃዋል።

ነሐሴ 15፣ ስለ ቀለም እስካሁን

እርድ፦ ንጹሕ ጄሶ ላይ ያምራል። ግን ፀሐይ ይበላዋል። መስኮት ላይ የረሳሁት በአንድ ሳምንት ገረጣ።

ቀይ ሥር፦ ሲበጠበጥ እንዴት ያለ ሮዝ! ሲደርቅ የሻይ ቅጠል። አትልፉ።

የምግብ ቀለም (120 ብር)፦ እርጥቡ ደማቅ፣ ደረቁ ሐመር። የልጆቹ ጣት ላይ ግን ሦስት ቀን ደምቆ ቆየ።

ትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት በጠርሙስ ያለ ፖስተር ቀለም (6 ቀለም 240 ብር)፦ ከተገዛው ሁሉ የተሻለው። ለ2 ብርጭቆ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ። ውሃው ላይ ነው የሚጨመረው፣ ከጄሶው በፊት። ከዚህ ካለፈ ጠመኔው ይላላል።

ከሁሉም ያሸነፈው ግን በነጻ የመጣው ነው። ይርጋለም ዘመድ ጥየቃ ሄደን ማሙሽ ከመንገድ ዳር ቀይ አፈር በላስቲክ ሞልቶ መጣ። ልብስ ላይ ሲነካ የማይለቀው ያ አፈር። መቅላቱ ከብረት ዝገት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስላለበት ነው፤ የግንብ ቀለምም ከዚሁ ይሠራል። አደረቅነው፣ ሚሚ በወንፊት ነፋችው፣ ለ3 ብርጭቆ ጄሶ ግማሽ ብርጭቆ ጨመርን። የሸክላ ቀለም ያለው፣ ፀሐይ የማይበላው፣ ውሃም በቀላሉ የማያነሳው ጠመኔ ሆነ።

ነሐሴ 21፣ የት ይጻፍበት?

ሊሾ ላይ ይንሸራተታል። የበራችን ኮብልስቶን ጠመኔ ይበላል፤ ድንጋዩ ጎርባጣ ስለሆነ ክብ ስትሥል ድንች ይወጣል። አስፋልት ላይ እጹብ ነው፣ ግን ባጃጅ አለ፣ ስለዚህ አልፈቀድኩም። ያገኘነው ምርጥ ቦታ የመንገዱ ዳር ቦይ የተከደነበት ኮንክሪት ነው። እያንዳንዱ ክዳን እንደ አንድ ገጽ ነው። ማሙሽ አባ ኮዳ የሚሉትን ትልቁን ወፍ ሣለ፣ ከነአንገቱ ከረጢት፤ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲጠብቁ እንደሚቆሙት ትከሻውን ሰብስቦ። ሚሚ አጠገቡ ያለውን ክዳን ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ቀባችው። ምንድነው ብላት "ሐይቅ ነዋ" አለችኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሒሳብ

አሮጌው ጄሶ 150፣ ቧንቧ ሠራተኛ 400፣ ስኮች 40፣ አዲሱ ጄሶ 560፣ ቱቦ 110፣ ፖስተር ቀለም 240፣ የምግብ ቀለም 120። ድምር 1,620 ብር። የሚጽፍ ጠመኔ 58። አንዱ 28 ብር መጣ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስታይ ሳቀች። ግን አንድ ጠመኔ የሚበላው ጄሶ 35 ግራም አይሞላም፣ የ1 ብር እንኳ አይደለም። ቀሪው የኔ የትምህርት ክፍያ ነው። ቱቦው ደግሞ አለ።

መስከረም 1

የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ማሙሽ ዘንድሮ ወረቀት አልፈልግም አለ። ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ በግቢው በአራቱም ቤት ደጃፍ ላይ አደይ አበባ ሣለ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ጻፈ። "ረ"ን ገልብጦ ነው የጻፋት። ሚሚ ሥር ሥሩ እየሄደች ነጠብጣብ አደረገች። ቢጫው ስላለቀ የእማማን የሣሉት በቀዩ አፈር ነው። 70 ብር አገኙ፣ ተካፈሉ፣ ተጣሉ።

አራት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። ሦስቱ ቤት ታጠበ። የእማማ ቀይ አበባ ከነነጠብጣቡ ቀረ። ማታ በብሩሽ ልፈገፍግላቸው ብወጣ "ምን አደረገህ፣ ተወው" አሉኝ።

ባልዲዎቹ ውስጥ 22 ኪሎ ያህል ጄሶ አለ። ሚሚ ወይን ጠጅ ትፈልጋለች።